ከሮቃው ሥር ያልተነሱት

ባለፈው ዓርብ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ እንግዶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን አቶ ይልማ ንግግር አደረጉ። ባነሩ «የዱር እንስሳት ጥበቃ በኅብረተሰቡ መሪነት» ይላል፤ የተሰቀለውም ግቢያችን ውስጥ ባለው ብቸኛ ዛፍ ላይ በትልልቅ ምስማር ተቸንክሮ ነው። አቶ ይልማ የሰፈራችንን ሽመላዎች እንዴት እንዳዳኑ፣ ኅብረተሰቡን እንዴት «እንዳነቃነቁ» ሲተርኩ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መምህራችን ገላመጡኝ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፤ ይህን ነገር እጽፈዋለሁ። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ዘንድሮ ነው፤ ካወቅኩ ወዲህ ዝም ማለት አስቸግሮኛል።

ሽመላዎቹ «የዳኑ» ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው፤ አያቴ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ የገባበት ቤት ውስጥ እስካሁን አለን። ከበራችን ፊት ለፊት ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ። የሮቃ ፍሬ ጎምዛዛ ነው፤ እኛ ልጆች ከጨው ጋር እንመጠዋለን፤ ጎረቤታችን ሐቢባ ደግሞ ዘፍዝፋ፣ ስኳር ጨምራ ጭማቂ ታደርገውና በዘይት ከጠበሰችው ትኩስ ባጂያ ጋር ትሸጠዋለች። ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ገና እግር እያቃጠለ፣ ሽመላዎች ከየት እንደሆነ እንጃ ይመጡና አናቱ ላይ ጎጆ ይሠራሉ። በየዓመቱ ርቀው ሄደው ስለሚመለሱ ሰፈሩ «ሐጂዎቹ» ይላቸዋል። ጫጩቶቻቸው እስኪበሩ ድረስ ዛፉን የሚነካ ሰው የለም። ማንም አላወጀውም፤ ግን ሐቢባ እንኳ ለማገዶ ብላ ደረቅ ጭራሮ አትሰብርም።

አቶ ይልማ ይህን አያውቁም ነበር። ከሌላ ከተማ ተዛውረው ከመጡ ዓመት ሳይሞላቸው የሰፈሩ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነዋል። ሌላ ማን ይሁን? ስብሰባ የሚወድ ሰው የለንማ። ደግሞ «አንቱ በሉኝ» ይላሉ። ድሬ ውስጥ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው፤ አንቱ የምንለው ያላቀረብነውን ሰው ነው። እኔ እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ፣ በደስታ።

እናም መኪና ገዙ። ጥላ ፍለጋ ሮቃው ሥር አቆሟት፤ ሐጂዎቹም የሚያደርጉትን አደረጉባት። ታይዋን ከሚባለው ገበያችን የመኪና ልብስ ገዝተው አለበሷት፤ ልብሱ ሳምንት ሳይቆይ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ መሰለ። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ከአጥራችን ማዶ ግቢያቸው ውስጥ በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ከሰዓት ኑና የላይኛውን ቅርንጫፍ በሙሉ አውርዱልኝ። በዚያ ሰዓት ሁሉም ተኝቷል፤ የሚያስቸግራችሁ ሰው የለም።»

እሳቸው ከምሳ በኋላ ቬንትሌተር ሥር ስለሚተኙ አገሩ በሙሉ የሚተኛ ይመስላቸዋል።

ጎጆዎቹ ውስጥ ጫጩቶች ነበሩ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ በየቀኑ አያቸው ነበር፤ አንገታቸው ላይ ላባ እንኳ በቅጡ አልወጣም፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ይንገዳገዳሉ፣ አስቀያሚዎች ናቸው። ቅርንጫፉ ከወረደ አብረው መውረዳቸው ነው። ለእናቴ ነገርኳት። «የሰው ነገር ውስጥ አትግቢ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የቀሩት ከሮቃው ሥር የሚቀመጡት ሰዎች ነበሩ። ከምሳ በኋላ ድሬ በሯን ስትዘጋ እነሱ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ጫታቸውን ይዘው ዓለምን ያስተዳድራሉ። ከእነሱ ይልቅ ፍየሎቹ ቁም ነገር አላቸው ብዬ አስብ ነበር። አለቃቸው ሙሜ ባጃጅ አለው፤ ባጃጁ ግን ከሰዓት በኋላ ሲንቀሳቀስ ታይቶ አይታወቅም። ሌላ ሰው ስላጣሁ እሱ ጋ ሄድኩ።

«ሙሜ፣ ዛፉን ሊቆርጡት ነው። ጫጩቶቹ ይሞታሉ።»

«መቼ?»

«አሁን፣ ከሰዓት።»

ትራሱን አስተካከለ። «እሺ፣ ሂጂ ተኚ።»

«ምን ልታደርጉ ነው?»

«አቦ ምን እናደርጋለን? እንቅማለን።»

በንዴት እንባዬ መጣ። ደጃፋችን ላይ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሰዎች መጥረቢያ፣ ገመድና መሰላል ይዘው መጡ።

«ተነሱ፤ ቅርንጫፍ ይወድቅባችኋል» አለ ትልቁ።

ሙሜ ቀና እንኳ አላለም። «ወሪያ፣ ማን ላከህ?»

«ባለመኪናው።»

«ገና መጀመራችን ነው በለው። ከዐስር ሶላት በፊት እዚህ የሚነሳ የለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰግደን እንመለሳለን።»

«ነገ ብመጣስ?»

«ነገም እዚሁ ነን» አለ ከጎኑ ያለው፤ «ጡረታ እስክንወጣ።»

«ከየትኛው ሥራህ?» አለችው ሐቢባ ከጭማቂ መሸጫዋ።

ቆራጩ ላቡ እየወረደ ቆሞ ቀረ። ሐቢባ አዘነችለትና ሮቃ ጭማቂ ቀድታ ሰጠችው። የመጨረሻዋን ጠብታ ለመጨለጥ አንገቱን ሲያቀና ጎጆውን አየ።

«ጫጩት አለው እንዴ?»

«አለው» አልኩ እኔ ከበሩ ላይ።

«ሰውዬው ይህን አልነገረኝም። እኛ አገር፣ ሐርላ፣ ጫጩት ያለበትን ዛፍ የቆረጠ ሰው ከብቱ አይረባለትም።» መጥረቢያውን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ጓደኛውም ተከተለው። ቦታ ለቀቁላቸው፤ ትራስም ሰጧቸው።

አቶ ይልማ የመጥረቢያ ድምፅ ቢጠብቁ ስላጡ ሽርጥ እንዳገለደሙ ወጡ፤ የትራሱ መስመር ጉንጫቸው ላይ ታትሟል።

«ምንድን ነው ይሄ? መኪናዬ እኮ እየተበላሸ ነው!»

ሙሜ ገና ያኔ ቀና አለ። «ይልማ፣ መኪናህ ጎማ አለው። ጎጆው ጎማ የለውም። ጎማ ያለው ይነሳ።»

የሚደግፋቸው ሰው ፈለጉ። ቆራጩን አዩት፤ ጉንጩ ሞልቷል። ገብተው ቁልፍ አመጡና መኪናቸውን ፀሐይ ላይ ወስደው አቆሙ። በማግስቱ ሐቢባና የሰፈሩ ሴቶች ድንጋይ እያንከባለሉ መኪናዋ የነበረችበትን ቦታ ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ሐጂዎቹ ሊመጡ ሲሉ ድንጋዩ ይደረደራል፣ የወደቀ ጫጩት ካለ የሰፈሩ ወንዶች መሰላል አቁመው ይመልሱታል። ኮሚቴው ስለዚህ ጉዳይ ተሰብስቦ አያውቅም።

አቶ ይልማ ግን የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ በመስታወት አስገብተው ሳሎናቸው ሰቅለውታል። ዓርብ ዕለትም «መኪናዎች ከዛፉ እንዲርቁ አድርጌያለሁ» አሉ። እውነት ነው፤ አንዲት መኪና ርቃለች።

እናቴ ንቀት ለሴት ልጅ አያምርም ትላለች። እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው ያምርብኛል። ብቻ ያን ጊዜ ለማይገባው ሰው ጭምር እንዳካፈልኩት ገብቶኛል፤ ቁጭ ብሎ የሚውለውን ሁሉ በአንድ ዓይን አይ ነበር። አንዳንድ ነገር የሚድነው ሰው ከቦታው አልነሳም ስላለ ነው።

ትናንት ይህን ጽሑፍ ለሙሜ ላነብለት ወረድኩ። ሐጂዎቹ ገብተዋል፤ ከላይ መንቆራቸውን ያንቀጫቅጫሉ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጽሑፍሽ ተነሱ የሚል ምክር አለበት እንዴ?»

«ቆራጩ ካለው በቀር እኔ ተነሱ ብዬ አልጻፍኩም።»

«ጎሽ» አለና ትራሱን አስተካከለ። «አልተነሳንም።»