«እኔን ማን አስጠናኝ?»

ባለፈው እሑድ አሰላ፣ ወንድሜ ተሾመ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። የልጅ ልጁ ሜሮን ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። እናቷ ቱቶሪያል ላስገባት ወይስ ይቅር ብላ አባቷን ተሾመን ታማክራለች። ወንድሜ ጉርሻውን ውጦ፣ ጭንቅላት ያለው ልጅ ቱቶሪያል አያስፈልገውም አለ። «እኔን ማን አስጠናኝ?» ሲልም ጨመረበት። ሜሮን በዚያን ሰዓት የተበላበትን ሳህን እያነሳች ነበር።

እኔ ግን እጄን ከማዕዱ አነሳሁ።

እኛ የተማርንበት ዘመን የደርግ ነው። አባታችን አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ተሾመ በዓመት ይበልጠኛል፤ አንድ ክፍል ስለደገመ ግን አሥራ ሁለተኛን የተማርነው አብረን ነው፤ ማትሪክም አብረን ልንቀመጥ ነበር። ቤታችን ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የተሾመ ነበር። መቼ እንደተሰጠው አላስታውስም፤ ማንም ሲሰጠው አላየሁም።

ለጥናቱ ተብሎ ጭኮ ከቤት አይጠፋም። ገብሱን የምቆላው፣ ወፍጮ ቤት ወስጄ የማስፈጨው፣ በቅቤ የማሸው እኔ ነኝ። «ለአእምሮ ይበጃል» እየተባለ የሚበላው እሱ ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ጣቴን መላስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድንች ስልጥ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አስጠናዋለሁ። እሱ ከበሩ እስከ አጥሩ እየተመላለሰ ይሸመድዳል፤ ሲስት አርመዋለሁ። የታሪኩም የባዮሎጂውም መጽሐፍ የድንች ውኃ ጠጥቶ አብጦ ነበር። ሁለቱም ትምህርቶች እንዲሁ በጆሮዬ ገቡ። ሒሳብ ግን በጆሮ አይገባም። እርሳስ ይዘው የሚሠሩት፣ ተሳስተው የሚሰርዙት፣ እንደገና የሚጀምሩት ነገር ነው። የእኔ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ የበልጉ ዝናብ ደጃችንን አጨቅይቶት፣ የጭላሎ ተራራም በጉም ተሸፍኖ ሳለ፣ አባታችን ከሥራ ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ፈተናው ቀርቧል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ጠረጴዛው ይሰጠኝና ሒሳብ ልሥራበት፣ በዚያች ሰዓት ድንቹንም ውኃውንም ተሾመ ይያዝልኝ አልኳቸው። የጫማቸውን ጭቃ በእንጨት እየፋቁ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉኝ።

«እኔ ዛፍ አይደለሁም፤ ልጅዎ ነኝ» አልኳቸው።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በዓይኗ ገሠጸችኝ። አባቴ ግን አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ብትወድቂ እዚሁ እኛ ጋ ነሽ። እሱ ከወደቀ ይወስዱታል» አሉ።

የት እንደሚወስዱት መጠየቅ አላስፈለገኝም። የጎረቤታችን ልጅ ማትሪክ በወደቀ በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር።

ተሾመ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «አንድ ሰዓት ትውሰድ» ቢል ነገሩ ባለቀ ነበር። አላለም። ጭኮውን እያላመጠ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ፤ ትንሽ ቆይቶ «ነይ ያዢልኝ» ብሎ መጽሐፉን ዘረጋልኝ። ያዝኩለት። ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት። ቢሆንም አንዲት ስህተት አላለፍኩለትም፤ ሰሜን ሄዶ እንዲቀር አልፈለግሁም።

ውጤቱ ክረምት ላይ መጣ። ተሾመ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አመጣ። እኔ በታሪክና በባዮሎጂ በለጥኩት፤ ሒሳብ ጣለኝ። ለእሱ በግ ታረደለት፤ ዘመድ ከሁሩታ ድረስ መጥቶ «የቀለም ቀንድ» እያለ ሲያሞግሰው ዋለ። ለእኔ፣ ሴት ልጅ እዚህ መድረሷም ተመስገን ነው ተባለ። የበጉን ወጥ የሠራሁትም እኔው ነኝ።

በኋላ የመምህርነት ሥልጠና ገብቼ አርቦዬ ተመደብኩ። ጡረታ እስክወጣ ያስተማርኩት ሒሳብ ነው፤ በእልህ።

ስለዚህ፣ ዝግጅት ምን ያህል ይጠቅማል ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ከምንም በላይ ይጠቅማል። ያ ፈተና እኔና ተሾመን የለየው በጠረጴዛው ነው። እሱ በማለፉ አልቆጭም፤ እንኳንም አለፈ። ብቻውን እንዳለፈ ሲያወራ ግን ደሜ ይፈላል፤ በዚህ ዕድሜዬም አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እሑድ ዕለት ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ሜሮን እጇን አረፋ ውስጥ ነክራ ቆማለች። እጇን በፎጣ አስደርቄ፣ ሳሎን አምጥቼ አስቀመጥኳትና የሒሳብ ደብተሯን እንድታመጣ ነገርኳት። ፎጣውን ወስጄ ተሾመ ጭን ላይ አኖርኩት።

«አንተን ያስጠናህ ሰው ይኸው ፊትህ ቆሟል። አሁን እሷን ላስጠና ነው፤ ሳህኑን አንተ እጠብ» አልኩት።

የሜሮን እናት ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ፎጣውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ። እኔና ሜሮን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደጀመርን የውኃው ድምፅ ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶም ወንድሜ የራሰ እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። የታጠበው ሳህን የት እንደሚቀመጥ ጠየቀኝ፤ በገዛ ቤቱ።

«ፈልግ» አልኩት፤ «እኔን ማን አሳየኝ?»