ማንም አላነበባቸውም የተባሉ መጻሕፍት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ወደ ታችኛው መደርደሪያ ነው የተላክሁት። የላከችኝ ድቮራ ናት፤ እዚህ ረሆቮት ከተማ ውስጥ፣ ከክፋር ማርሞሬክ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የነበረችው የትንሿ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "አንቺ ከታች ጀምሪ። እዚያ ያሉትን ማንም አይጠይቃቸውም፤ ብታበላሺም ግድ የለም" አለችኝ። ዕብራይስጤ ገና ስለነበር የገባኝ ግማሹ ነው። ለመናደድ ግን ግማሹም በቃኝ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ከጎንደር ገጠር መጥቼ ከአውሮፕላን የወረድኩ ቀን አንድ ጸሐፊ ስሜን መጻፍ ታከተውና "ሩቲ" ብሎ ሰጠኝ። ድቮራም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሩቲ ስትለኝ ኖረች። ስሜን ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ በሰማች ቁጥር "ያምራል" ትላለች፤ ከዚያ ሩቲ ብላ ትጠራኛለች።

ሥራዬ መደርደር ነበር። ማዕረጌ ከጽዳት ሠራተኛዋ ከፍ፣ ከሌላው ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። የተመለሱ መጻሕፍት በጋሪ ይመጣሉ፤ ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ በየቦታቸው አስገባቸዋለሁ፤ ጀርባቸውን ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር በመዳፌ አስተካክላለሁ። ታችኛው መደርደሪያ ሲሆን ተንበርክኬ ነው። ጉልበቴ ያለቀው እዚያ ነው።

ተንበርክኬ ሳለሁ አነብ ጀመር። መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ከሥዕሉ ሥር ያለውን አንድ መስመር፣ በኋላ ገጹን። ዕድሜውን በሙሉ ጨው ሲያመርት የኖረ ሰው የጻፈው ነበር። ስለ ምስጥ ብቻ የሚያወራ ነበር። ስለ በር ቁልፎች፣ ስለ ገመድ ቋጠሮ፣ በብርቱካን እርሻዎች መካከል ጉድጓድ እንዴት ይቆፈር እንደነበር የሚናገሩም ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው ማንም የማያወራላቸውን ነው።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያስወሰድኩት አንድን የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በዚያ ሰሞን ሁሉም የሚሻማበትን ልብ ወለድ ፈልጎ መጣ፤ ቅጂዎቹ ሁሉ በሰው እጅ ናቸው ተባለና ሊሄድ ዞረ። በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ "ስለ ቋጠሮ የሚናገር አለ" አልኩት።

"ቋጠሮ ምን ያደርግልኛል?"

"ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘህ ነው የምትውለው። እጅህ ሌላ ሥራ ቢያገኝ ምን ይለዋል?"

ስቆ ወሰደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክንድ የምታህል ገመድ ይዞ መጣና ሰባት ዓይነት ቋጠሮ ሠርቶ አሳየኝ። "ሌላስ ማንም የማያውቀው አለሽ?" አለኝ። ሙያዬን የጀመርኩት ያን ቀን ነው እላለሁ።

የሙያ ጓደኞቼ፣ አሠራሬን ልንገራችሁ። ሰውን "ምን መጽሐፍ ትፈልጋለህ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እንዲያ ሲጠየቅ ከቴሌቪዥን የሰማውን ስም ነው የሚጠራው። "ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?" እላለሁ። እስከ መጨረሻው ያላነበብኩትን አልሰጥም። የመጽሐፉንም ጉድለት አልደብቅም፤ "መካከሉ ላይ ያንቀላፋል፣ ታገሠው" እላለሁ። መልክ አይቼ ደግሞ አልመርጥም። ይህችኛዋን ያስተማረኝ ንዴት ነው።

የእኛ ሰው በበሩ ሲገባ ድቮራ ምን እንደሚፈልግ አትጠይቅም ነበር። በእርሳሷ ወደ ጥግ ታመለክታለች። እዚያ "የኢትዮጵያ ጥግ" የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ስድስት መጻሕፍት አሉ። አንድ ቀን ከሻዓራይም ሰፈር የመጣች፣ ሠራዊት ልትገባ አንድ ወር የቀራት ልጅ ገባች። እርሳሱ ወደ ጥግ ላካት። ሄዳ አየችና ተመልሳ ወደ እኔ መጣች።

"ስሊሃ፣ ይቅርታ አክስቴ፣ እኔ እኮ ስለ ዓሣ ነባሪ ነው የምፈልገው። ላማ፣ ለምን ወደዚያ ትልከኛለች?"

በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ላይ ወጥ ቤት የነበረ ሰው የጻፈውን ሰጠኋት። ከዚያ ወደ ድቮራ ሄድኩ። "ከጎንደር የመጣ ሰው ስለ ባሕር ማወቅ አይችልም?" አልኳት። "ሩቲ፣ እኔ ለእናንተ ብዬ ነው" አለች። ለእኛ ብላ!

በስድስተኛ ዓመቴ የጠረጴዛ ረዳት ሆንኩ፤ መጽሐፍ ማስመዝገብና ማዋስ ተፈቀደልኝ። ከስንት ልመና በኋላም በመስኮቱ አጠገብ፣ በዓይን ትክክል የሆነ አንድ መደርደሪያ ተሰጠኝ። ከታች ያነሣኋቸውን እዚያ ሰደርኳቸው። በእያንዳንዱ ላይ በሁለት ቋንቋ፣ በዕብራይስጥና በአማርኛ፣ አጭር ወረቀት ሰካሁ። የቁልፉ መጽሐፍ ላይ "ቁልፉ ጠፍቶበት ደጅ ለቆመ ሰው" ብዬ ጻፍኩ። የምስጡ ላይ "ጎረቤት ለበዛበት" አልኩ።

መደርደሪያዬን ያወቁት ቀድመው ሽማግሌዎቻችን ናቸው፤ እያደርም ከእነሱ በቀር የሚጠጋው አልነበረም። ጠዋት ከጸሎት በኋላ አራት አምስት ሆነው ይመጣሉ። ከሁሉም የማይቀሩት አባባ ታረቀኝ ነበሩ። በአገር ቤት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አባታቸው ከድንጋይ ብረት ሲያቀልጡ በልጅነታቸው ወናፍ ነፍተዋል። እዚህ ብርቱካን ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ዕብራይስጥ ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው።

"አባባ፣ ለእርስዎ አንድ አለኝ" ብዬ ጥንት ሰዎች ብረትን እንዴት እንዳቀለጡ የሚናገረውን መጽሐፍ ሰጠኋቸው። የምድጃውን ሥዕል በጣታቸው ዙሪያውን ተከተሉት።

"በአገራችን ብረት ስናቀልጥ ቡዳ ናችሁ ብለው ሸሹን" አሉ በኋላ። "እዚህ ደግሞ ይኸው፣ ሥዕል አስገብተው ዕውቀት አደረጉት።"

በቀን አንድ ገጽ፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ሁለት ክረምት አነበቡት። ከጸሐፊው ጋር ይከራከሩ ነበር። "ይሄ ሰው ወናፉ አንድ ነው ይላል። በግራና በቀኝ ሁለት ካልሆነ እሳቱ ይተኛል! ወደፊት ያርመው እንደሆነ እንይ" ይሉኛል። መጽሐፉን ተውሰው ቤት አይወስዱም። "የሰው ዕቃ ቤቴ ሲያድር እንቅልፍ አይወስደኝም። በዚያ ላይ ሰባት የልጅ ልጆች አሉ" ይላሉ። ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ክር መዝዘው ገጹ መካከል ያደርጉና ለነገ ያስቀምጡታል። ሌሎቹም ክሯን ከእሳቸው ተማሩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ላይ ትተው ተነሡ። ድቮራ በሰው ሁሉ ፊት አጨበጨበችና፣ "ይህ ገበያ አይደለም! ያነሣችሁትን መልሱ!" አለች። አባባ ታረቀኝ የልጃቸው እኩያ በሆነች ሴት ፊት አንገታቸውን ደፉ። እኔ አፈርኩ። አፍሬም ዝም ብል በተሻለ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም አስተማርኳቸው። "ስትጨርሱ ከነበረበት ቦታ መልሱት፣ ጠርዙን በመዳፍ አስተካክሉ፤ የእኛ ሰዎች አዝረከረኩ እንዳይባል" አልኳቸው። እነሱም ከእኔ የተሻሉ ደርዳሪዎች ሆኑ። ተነሥተው ሲሄዱ ሰው የነበረበት አይመስልም።

በኋላ ኮምፒውተር ሲገባ ግን ሕጉ ተገለበጠ። አዳራሹ ውስጥ የተነበበ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ይተዋል። የጠረጴዛ ሠራተኛ በመለያ ቁጥር ማንበቢያው መሣሪያ ጢው ታደርገዋለች፤ ኮምፒውተሩም "ተነበበ" ብሎ ይይዛል። ይህን የሚል ማስታወቂያ በየጠረጴዛው ተለጥፏል። እኔ ራሴ ስንት ሺህ ጊዜ ጢው አድርጌያለሁ! ሽማግሌዎቹ ግን አንዴ ተሰድበዋል፤ ማስታወቂያው ለሌላ ሰው የተጻፈ መሰላቸው። እኔም አንድ ቀን ነገሩን አያይዤ አላሰብኩትም። እንዲህ ያለውን ስህተት የምንሠራው እኛ ብቻ ነን፤ እንዳንነቀፍ ብለን እስክንጠፋ ድረስ እንጠነቀቃለን።

ቤተ መጻሕፍት ቦታ ሲጠበው ዲሉል የሚባል ሥራ አለ፤ የመጻሕፍቱን ብዛት መቀነስ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ለአራት ዓመት ያልተነካውን ይዘረዝራል፤ የተዘረዘረው ከመዝገብ ይሰረዝና በካርቶን ታሽጎ ለወረቀት ፋብሪካ ይሄዳል። ዘንድሮ ጉልበቴን ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ስድስት ሳምንት ቤት ተኛሁ። ዲሉሉ የተሠራው በዚያን ጊዜ ነው።

በምርኩዝ ተመልሼ ስገባ አባባ ታረቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መስኮቱ ፊት ቆመዋል። መደርደሪያዬ ባዶ ነው። አንድ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል።

"ልጄ፣ እንኳን ማረሽ" አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ገጽ አበላሽቼ ይሆን? እጄን ታጥቤ ነበር እኮ የምነካው" አሉ።

ምርኩዜን እያንቋቋሁ ድቮራ ክፍል ገባሁ።

"መጻሕፍቴ የት ናቸው?"

"ሩቲ፣ ማንም አላነበባቸውም። ማህሼቩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ዜሮ ነው የሚለው። ማ ላዓሶት፣ ምን ይደረግ?"

"አባባ ታረቀኝ ሁለት ክረምት ሙሉ ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው አነበቡ!"

"እሱ ሽማግሌ?" አለች። ከልቧ ገርሟት ነው። "እኔ እኮ ሙቀት ፈልጎ የሚመጣ ነበር የመሰለኝ።"

በሕይወቴ በሰው ላይ ጮኬ አላውቅም። ያን ቀን ጮህኩ። "ተነሺ! ተነሺና ተከተዪኝ!" አልኳት። ካርቶኖቹ ገና ዕቃ ቤት ነበሩ፤ መኪናው በማግሥቱ ነበር የሚመጣው። የመጀመሪያውን ቀድጄ የምስጡን መጽሐፍ አወጣሁ። መካከሉ ላይ ነጭ ክር አለ። የጨውን አወጣሁ፤ ክር አለ። የጉድጓዱን አወጣሁ፤ ክር። የብረቱ ሲወጣ ሊያልቅ አራት ገጽ ብቻ ቀርቶት ነበር። እያንዳንዱን እጇ ላይ አኖርኩላት።

"ይሄ ዜሮ ነው?" አልኳት። "ንገሪኝ፣ ይሄም ዜሮ ነው?"

ድቮራ ክሮቹን አየች። ይቅርታ አላለችም። "ከመዝገብ ወጥተዋል፤ ከፈለግሽ ውሰጃቸው፤ ቤሰደር፣ ደህና?" ብላ ወጣች። ቤሰደር አይደለም። ዛሬም ቤሰደር አይደለም።

በማግሥቱ የብረቱን መጽሐፍ ለአባባ ታረቀኝ "የእርስዎ ነው፣ ቤት ይውሰዱት" ብላቸው እምቢ አሉ። "እዚህ ጀምሬዋለሁ፣ እዚህ እጨርሰዋለሁ" አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በአራተኛው ጠዋት የመጨረሻው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ይሄን አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል።"

አነበብኩላቸው። ጸሐፊው ይህን ሥራ በእጁ የሠራ ሰው ዛሬ በምድር ላይ አንድም የለም ይላል።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ማንን ጠይቆ ነው የለም ያለው?" አሉ። "እኔስ? እዚህ ተቀምጬ!" ሲቆጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። "እርሳስ አምጪ" አሉኝ። በመጽሐፍ ላይ ነጥብ እንኳ ጥለው የማያውቁ ሰው፣ ኅዳጉ ላይ በአማርኛ፣ ፊደሉን እየጫኑ እንዲህ ጻፉ፦ "ወናፉ ሁለት ነው። ነፍቼዋለሁ። ታረቀኝ ነኝ፣ አለሁ።"

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሊመልሱት ብድግ አሉ። እዚያ የአበባ ማሰሮ ነው ያለው።

"አባባ፣ አይመልሱት" አልኳቸው። "ጠረጴዛው ላይ ይተዉት።"

"አይቆጡም?"

"ይቆጡ።"

ማንበቢያውን አምጥቼ ጢው ባደርገው መሣሪያው አላውቀውም አለ። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ አዲስ ስጦታ አስመዘገብኩት። ስጦታ ማስመዝገብ የረዳት ሥልጣን ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በሰጪው ቦታ "ታረቀኝ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጢው አደረግሁት፤ ኮምፒውተሩም አንድ አለ። የቀሩትንም አንድ በአንድ እንዲሁ አስገባኋቸው። የአበባ ማሰሮውን አንሥቼ ድቮራ ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። አይታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ወጣሁ።

በእኔ ቦታ የምትገቡ፣ ለሰው መጽሐፍ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። የምታነቡ ደግሞ፣ ስትጨርሱ አትመልሱት። ጠረጴዛው ላይ ተዉት።