የጀልባው የፊት መቀመጫ

አያ አገኘሁ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ጣና ዳር ደንገል ከሚባለው የውኃ ሣር ታንኳ ይሠራሉ፤ ደንገሉን ሲያስሩ ገመዱን በጥርሳቸው ጭምር ይስባሉ። ተወልደው ያደጉት ግን ጢስ ዓባይ ነው። ከፏፏቴው በታች ዓባይን ገበያተኛ ያሻግሩ ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሀዲስና ሩሐማ የሚባሉ የመሥሪያ ቤት ልጆች ያንን ወንዝ በጎማ ጀልባ ሊወርዱት አሰቡ። መንገድ የሚያውቅ ሲያፈላልጉ እሳቸው ዘንድ መጡ።

«መሪያችን እርስዎ ነዎት አባባ። ፊት የሚቀመጡትም እርስዎ» አላቸው ሀዲስ።

አያ አገኘሁ ሳምንቱን ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ወንዙን በጠጠር ሠሩት፤ ለአረፋው የእንቁላል ቅርፊት ሰባብረው በተኑ። «ከትልቁ ቋጥኝ በቀኝ እለፉ። በግራ የገባ አይወጣም» እያሉ አስጠኗቸው። ካኪ ሱሪያቸውንም አሳጥበው ለጉዞው ሰቀሉት።

«በስተርጅና ሽርሽር አማረዎ» ትላቸዋለች ሚስታቸው ባንቺአየሁ። እሳቸው ፈገግ ይላሉ።

ቅዳሜ ጀልባውን ሐይቁ ላይ ሊሞክሩት ወረዱ። እኔም ልብስ ላጥብ እዚያው ነበርሁ።

«ዋና ይችላሉ መቼም?» አለ ሀዲስ።

«ታንኳ አይሰጥምም። ዋና ምን ያደርግልኛል?»

የእኛ ታንኳ ነጂዎች እንዲህ ናቸው፤ ደንገሉን አምነው ብዙዎቹ ዋና ሳይማሩ ያረጃሉ።

ሩሐማ ስልኳን አወጣች። ሀዲስ ከኋላ ወደ ውኃው ገፋ አደረጋቸው። ውኃው ከደረት አያልፍም፤ እሳቸው ግን እንደ ጫጩት ተንቦራጨቁ። ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ። ሀዲስ በኮሌታቸው ጎትቶ አወጣቸው።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከዓሣ ጋር ተጎራብተው ምንም አላስተማረዎትም?» አለች ሩሐማ። የፊቱም መቀመጫ ለእሷ ሆነ፤ እሳቸው ከጉዞው ቀሩ።

እሑድ ጠዋት መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ። ጠጠሩን ዶሮ በትኖታል።

«አባባ፣ ትልቁ ቋጥኝ ጋ በየት ነበር የሚታለፈው?»

አያ አገኘሁ ከደንገላቸው ቀና አላሉም።

«በግራ» አሉ።

ባንቺአየሁ ከጓዳ ወጣች። «ኧረ በቀኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በቀኝ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሀዲስ ሳቀ። «ግራና ቀኙም ጠፋባቸው። ምነው እማማን ይዘን በሄድን።»

መኪናው እስኪርቅ ባንቺአየሁ በሩ ላይ ቆመች።

«አልጠፋብዎትም» አለቻቸው።

አያ አገኘሁ ገመዱን በጥርሳቸው ሳቡ። የዚያን ቀን ምሳቸውን ጠጠሩ መሐል፣ መሬት ላይ አስቀምጣላቸው ገባች።