ጋቢናው ሰው አለው

መጀመሪያ የረጠበው ትራሴ ነው። ከቀኝ ጆሮዬ መግል ፈሶ ነበር። ስላላመመኝ ናቅኩት። ከመገናኛ አያት ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልበትም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ መጠበቅማ ጭራሽ። ባለቤቴ ሂሩት ከሾላ ጤና አዳም ገዝታ በዘይት አሞቀችልኝ፤ ጠብ አድርጌ ጥጥ ወተፍኩበት። ሲደርቅ ዳንኩ እላለሁ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ደግሞ ይፈሳል። እንዲህ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ መሽተት ጀመረ። ጋቢና የሚቀመጥ ሁሉ መስኮት ይከፍታል። አፈርኩ። ጃኬቴን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ "ሰው አለው" ማለት ለመድኩ።

አንድ ቀን "ወራጅ!" እየተባልኩ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ። "ሹፌር፣ ደንቆሮ ነህ እንዴ?" አሉኝ አንዲት እናት። በሳምንቱ መሪ እንደያዝኩ አዞረኝ። ያኔ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ዶክተሯ ሲቲ ስካኑን አሳየችኝ። "ታምቡሩ ተበስቷል። ኮሌስቴያቶማ የሚባል የቆዳ ክምችት አጥንትህን እየበላው ነው። ወደ አንጎል ሳይደርስ መውጣት አለበት።"

"መስማቴስ፣ ዶክተር?"

"ቃል አልገባልህም። መጀመሪያ ሕይወትህ።"

ሳልሰማ እንዴት ነው የምነዳው?

ማስቶይዴክቶሚና ቲምፓኖፕላስቲ የሚባል ቀዶ ሕክምና ተሠራልኝ። ከጆሮዬ ጀርባ ቀደዱ። የተበላውን አጥንት ጠረጉ። ከጡንቻዬ ሽፋን አዲስ ታምቡር ሠሩ። ስነቃ አስመለሰኝ። ጣሪያው ዞረ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። ፈራሁ።

አትናፈጥ፣ ስታስነጥስ አፍህን ክፈት፣ ውኃ አታስነካ፣ መኪና አትንዳ ተብዬ ቤት ስውል፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ከሳሎን በረንዳ እየተመላለስኩ ሂሩትን አስመረርኳት። "አንተ ሰውዬ፣ እረፍ! ፎቁን ልታፈርሰው ነው?" ትለኛለች። ከሳምንታት በኋላ ጆሮዬ ውስጥ የጠቀጠቁት ማሸጊያ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የሰማሁት የዶክተሯ ጓንት ሲንኮሻኮሽ ነው፤ እዚያው አለቀስኩ። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰልኝም። ሂሩትማ "የምትፈልገውን ብቻ ነው የምትሰማው" ትለኛለች።

ዶክተሯንም ሂሩትንም እግዜር ይስጥልኝ። ጆሮህ የሚፈስ ወንድሜ፣ ጤና አዳሙን ለቡናው ተወው፤ ጆሮህ ውስጥ ምንም አታፍስ። አላመመኝም ብለህም አትቆይ፤ እኔንም አላመመኝም ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ቀን መገናኛ ላይ አንድ ሽማግሌ በቀኝ መስኮት ብቅ አሉ። "ልጄ፣ ጋቢናው ሰው አለው?"

ሰማኋቸው። ጃኬቴን አነሳሁ። "የለውም፣ አባባ፣ ይግቡ።"

እስከ አያት መስኮቱን አልከፈቱም።