የፈላና በር በረኛና የፈረንጁ ውል

ልጅ እያለሁ ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ የሆነው ፈላና በር ገና ሲነጋ የእርጥብ ጫትና የትኩስ ወተት ሽታ ነበረው። አባቴ በረኛ ስለነበር እኔም ከዚያ አልጠፋም። ከገጠር የሚመጣ ሰው ጦሩን ለአባቴ አስረክቦ ይገባል፣ ሲወጣ መልሶ ይወስዳል። መሣሪያ ይዞ ሐረር መግባት ክልክል ነበር። እኛ ልጆች ግንቡን ተደግፈው በቆሙት ጦሮች አጠገብ ድብብቆሽ ስንጫወት፣ ጦር የነካ ልጅ የአባቴን ቁንጥጫ ይቀምሳል።

አንድ ክረምት ዓይኔን ክፉኛ አመመኝ። አባቴ ተሸክሞ አንድ የፈረንጅ ቆንስል ዘንድ ወሰደኝ፤ መድኃኒት ሰጠኝና ዳንኩ። ብዙም ሳይቆይ ያው ቆንስል ጠመንጃ ከታጠቁ ዘበኞቹ ጋር በሩ ላይ ደረሰ። በአስተርጓሚው በኩል «ሰዎቼ እንደታጠቁ ይግቡልኝ» አለ። አባቴ ውለታው ይዞት «እሺ» አለና፣ በገበያችን ሻጭና ገዢ ሲስማሙ እንደሚያደርጉት፣ የቆንስሉን መዳፍ በመዳፉ መታ አደረገ። ለዚያች ቀን ብቻ መስሎት ነበር።

ቆንስሉ ግን ያቺን የመዳፍ ምት እንደ ውል ቆጥሮ «መንግሥታችሁ ከመንግሥቴ ጋር ተስማምቷል» እያለ ዘበኞቹን በየቀኑ ከነጠመንጃቸው ያስገባ ጀመር። ይህን የሰማ የሌላ አገር ቆንስልም «ለእኔስ?» ብሎ ለሐረር አገረ ገዢ አቤት አለ። አባቴ ወደ አገረ ገዢው ግቢ ተጠራ። ለእንዲህ ያለ ጥፋት በዚያ ዘመን የሚጠብቀው እግር ብረት ነበር።

እናቴ እኔን እየጎተተች ከኋላው ተከተለች። «አንቱ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ከፈረንጅ መንግሥት ጋር የሚዋዋሉት? እኔን ሲያገቡ እንኳ የተናገረልዎ ሽማግሌ ነው» አለችው። ትቀልዳለች፣ እጄን ግን ጨምድዳ ይዛለች። አከራያችን፣ ሐረሪው ሽማግሌ አው ዩሱፍም «ልቡን አላህ ያውቃል» እያሉ አብረውን ሄዱ።

አገረ ገዢው ቆንስሉን፣ የዓይኔን መድኃኒት ነገር ሳይቀር፣ አስጨርሰው ከሰሙ በኋላ ወደ አባቴ ዞሩ።

«አንተ ንጉሥ ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም ጌታዬ።»

«እኔስ ነኝ?»

አባቴ እጅ ነስቶ መለሰ። «አይደሉም ጌታዬ።»

«እንግዲህ ሰምተዋል» አሉት ቆንስሉን። «ከውጭ መንግሥት ጋር መዋዋል የጃንሆይ ሥልጣን ነው። እኔ የማልችለውን በረኛዬ ከየት ያመጣዋል? ውል አልነበረም። ሰዎችዎ ጠመንጃቸውን በር ላይ ያስረክቡ።» ለአባቴም፣ «አንተ ወደ ሥራህ ሂድ። የልጅህን ውለታ በራስህ ገንዘብ ማር ገዝተህ መልስ፣ በመንግሥት በር አይደለም» አሉት።

አው ዩሱፍ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ ቤት እስክንደርስ «እኔ እኮ ምንም አልችልም» እያለ ይስቅ ነበር። ሥልጣን የለህም ተብሎ እንዲያ የተደሰተ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ዛሬ በፈላና በር ማንም ሳይጠየቅ ገብቶ ይወጣል። አገራችን ከእገሌ አገር ጋር ተዋዋለች ሲባል ልጆቼ ምን እንደምናገኝ ይከራከራሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ማን እንደፈረመ ነው። ሥልጣኑ ያለው ሰው ነው ሲሉኝ ደረቴ ቀለል ይለኛል።