ማሽኑ የጠጣው ዘይት

ትናንት ጠዋት... የግዢ ኃላፊያችን አቶ ግርማቸው ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ላብራቶሪ ከች አሉ።

እኔ ጅማ ውስጥ የቡና በሽታ የሚመረመርበት ቤት ቴክኒሻን ነኝ። ያለን አንድ ማሽን ነው። ናሙናውን ዘይት ውስጥ እያንጠባጠበ በሺህ የሚቆጠሩ ኢምንት ጠብታዎች ያደርገዋል። ጠብታዎቹ ፀጉር በምታክል ቱቦ እየፈሰሱ ይሞቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፤ በየጠብታው ውስጥ የበሽታው ዲኤንኤ ይባዛል። ዘይቱ ታዲያ ልዩ ነው። ካለቀ ቆየ፤ ይገዛልኝ ብዬ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር።

«ይኸው ዘይትህ!» አሉኝ።

አየሁት... የምግብ ዘይት! ያ ሲበርደው እንደ ቅቤ የሚረጋው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የወጥ ነው።»

«ዘይት ብለህ ጻፍክ፣ ዘይት ገዛን። ከሰዓት ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ። ዋናው መፍሰሱ ነው!»

እምቢ ማለት ነበረብኝ... ፈራሁና ጨመርኩት። ውጭ ዝናብ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ። ቱቦው ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ ቀረ።

እንግዶቹ ገቡ። ዋናው እንግዳ ቱቦው ላይ አጎንብሰው «ዲኤንኤው ይሄ ነጩ ነው?» አሉ።

«አዎን ክቡርነትዎ!» አሉ አቶ ግርማቸው።

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጥግ ላይ አባ መጫ ተቀምጠዋል። ከአጋሮ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሊተክሉት ያሰቡት የቡና ችግኝ በሽታ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ቅጠል ይዘው ሲመላለሱ ሦስተኛቸው ነው። ተነሥተው ቀረብ አሉና ጀሪካኑን አሸተቱት።

«ማል ጄታ! ምን ትላላችሁ! ይሄ እኛ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምናጣው ዘይት አይደል? ወላሂ፣ እናንተ ለብረት ታጠጣላችሁ?»

ዋናው እንግዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባታችን በዘይት አቅርቦት ላይ ያነሡት ቅሬታ ተመዝግቧል።»

«እኔ የመጣሁት ስለ ችግኜ ነው።»

«እሱም በሂደት ላይ ነው» አሉ አቶ ግርማቸው ቀልጠፍ ብለው።

ዛሬ ጠዋት አባ መጫን ይቅርታ ልጠይቅ ደወልኩ። «ተወው ልጄ» አሉኝ፣ «በሽታው ወደ ጎረቤት ቡና እንዳይሻገር ብዬ ችግኙን ሁሉ ከመደቡ ነቅዬ አቃጠልኩት። ጤነኛም ይሆን ነበር... አላህ ያውቃል።»

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል፣ «ማሽኑ በተሳካ ሁኔታ ሥራ ጀምሯል» የሚል ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

ዲኤንኤው አልተባዛም... ሪፖርቱ ግን በአምስት ኮፒ ተባዝቷል።