ኃይሉና ቆሮሶው

ትናንት አንዲት ተማሪዬ፣ «መምህርት፣ አዲስ ኢንዛይም በመጣ ቁጥር አስቀድመን የምንፈትነው ለምንድን ነው?» አለችኝ። «አምጪውን ስለማላምን» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በወጣትነቴ ወልድያ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ተለማማጅ ነበርኩ። ሥራችን ቆሮሶ ከሚባለው የሐይቅ ዓሣ ጉበት አር ኤን ኤ አውጥተን ወደ ዲ ኤን ኤ መገልበጥ ነው። ገልባጩ ኢንዛይም ሙቀት አይችልም፤ ከበረዶ ከወጣ ይደክማል፣ የሚገለበጠውም ኢምንት ይሆናል። አለቃዬ ኃይሉ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን አድርጎ በመኪና ይዞት መጣ። ሠርተን ስንለካ ምንም የለም። ኃይሉ በሰው ሁሉ ፊት፣ «የዓሣ አጥማጅ ልጅ እጅ ነው ያበላሸው» አለ። በማግስቱ ከሥራ ተሰናበትኩ።

በግንቦት ሙቀት፣ የአምባሰልን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ እያለቀስኩ አባቴ ያለበት ሐይቅ ከተማ ገባሁ። አባቴ ዓሣ ጠብሶ፣ ሎሚ ጨምቆ አቀረበልኝ። አልበላ ስለው የሆነውን ጠየቀኝና ነገርኩት።

«ኃይሉ? ያ ባለ በረዶ ሳጥን?» አለ። «ባለፈው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከኔ ቆሮሶ ገዝቶ የለም እንዴ! ሳጥኑ ውስጥ የደረደርኩለት እኔ ነኝ። ቦታ ሲጠበው ትንንሽ ብልቃጦች አወጣና መኪናው መስኮት ሥር አኖራቸው።»

«አባዬ! ብልቃጦቹን?»

«ወላሂ ልጄ፣ ምን እንደሆኑ አላወቅኩም።»

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ብናገር ኃይሉ ይክዳል። ተመልሼ የላቦራቶሪውን ኃላፊ ዶክተር ሰናይትን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። አንዱን አር ኤን ኤ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ባመጣው ኢንዛይም፣ ግማሹን ከሌላ ላቦራቶሪ በተዋስነው፣ ኃይሉ ራሱ ይገልብጠው። እየተኩራራ ጓንቱን አጠለቀ። በተዋስነው የሠራው በደንብ ተገለበጠ። በራሱ ኢንዛይም የሠራው ባዶ ሆነ። ሁሉም ወደሱ ሲዞር ጠብቄ ጠየቅኩት።

«ጋሽ ኃይሉ፣ ቆሮሶው ይጣፍጥ ነበር?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ዶክተር ሰናይት ስትጠይቀው ለዓሣው ብሎ ብልቃጦቹን ከበረዶ ማውጣቱን ሊሸሽግ አልቻለም። እሱ ወጣ፣ እኔ ገባሁ።

በቀል አያረካም የሚሉ ሰዎች ያን ፊት አላዩም። ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፣ አላፍርበትምም። አባቴ ግን «ዓሣውን ባልደረድርለት ኖሮ» እያለ ኖረ። «አብሽር አባዬ፣ ጥፋቱ የሱ ነው» ብለውም አልሰማኝም። እኔ ሥራዬን ካስመለስኩ በኋላ እንኳ ልጁን ያስባረራት የገዛ እጁ እንደሆነ እያመነ ሞተ። ኃይሉን ይቅር ያላልኩት ለዚህ ነው። የምልም አይመስለኝም።